ያልሞላው ጉማራ

ይህን ነገር የንስሐ አባቴ እንኳ አያውቁትም። ጾም በገባ ቁጥር ፊታቸው ቀርቤ ሐሜቴን፣ ቁጣዬን፣ ያጓደልኩትን ጾም አንድ በአንድ ተናግሬያለሁ፤ ይህችን ግን ሁልጊዜ ከምላሴ ሥር ይዣት እመለሳለሁ። ለባሌ አልነገርኩም። ለወንድሜ አልነገርኩም። እናንተ አታውቁኝም፣ እኔም አላውቃችሁም፤ አፌ የተፈታው ለዚህ ይሆናል። ስሙኝ እንጂ አትዘኑልኝ።

እናቴን ለሕመሟ ፍል ውሃ ወስጄ፣ እዚያው ትቻት ባሕር ዳር ልዝናና ሄድኩ። በደሌ ይኸው ነው። በአጭሩ ሲነገር ቀላል ስለሚመስል ግን በዝርዝር መናገር አለብኝ።

እናቴ ጉልበቷን ያጣችው ሩዝ ስታርም ነው። ከወረታ በታች ባለው የፎገራ ሜዳ፣ ዕድሜዋን ሙሉ ውሃ ውስጥ ጎንበስ ብላ ስታርም ኖራ አንድ ክረምት ሁለቱም ጉልበቶቿ እምቢ አሏት። ያን ጊዜ የለመነችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ለኅዳር ሚካኤል ንግሥ በእግሯ ቆማ ማስቀደስ። ዋንዛዬ ፍል ውሃ ሰባት ቀን ሳያቋርጥ የገባ ይድናል ይባላል፤ እሷም ይህን አጥብቃ ታምናለች። ወንድሜ እንዳይወስዳት የሴቶች ተራ ላይ ወንድ አይደርስም። ለባዳ ሴትም ገላዋን አታሳይም፤ ጭኗ ላይ ከልጅነቷ የቆየ የእሳት ጠባሳ አለ፣ ከእኔ በቀር ያየው የለም። ስለዚህ ከመሥሪያ ቤት የዓመት ፈቃድ ወስጄ ይዣት ሄድኩ።

ሦስት ቀን ገባች። ድንጋዩ ያንሸራትታል፤ ክንዷን አንገቴ ላይ አድርጋ፣ እኔም ወገቧን ይዤ፣ ቀስ እያልን እንወርድ ነበር። በሦስተኛው ቀን ከውሃው ስትወጣ ክንዷን ከአንገቴ አንሥታ ለብቻዋ ቆመች። ጥቂት ነው የቆመችው፤ ግን ቆመች። "ቀለለኝ" ብላ እንደ ልጅ ሳቀች።

በዚያው ቀን ሄለን ደወለች። ሄለን ከአዲስ አበባ ወረታ ተመድባ የመጣች የቢሮ ጓደኛዬ ናት። መስቀል ደርሶ ነበርና የቢሮው ሴቶች ለጉብኝት ባሕር ዳር ገብተዋል፤ "አንድ ቀን ብቻ ነይ" አለችኝ። እናቴን አስፈቀድኳት። "ሂጂ ልጀ፣ አንቺም ሰው ነሽ። ነገ ግን ድረሽልኝ፤ ቀኑ እንዳይቋረጥ" አለች። አጠገባችን ለሚያድሩት ወገብ ታማሚ፣ ለእትዬ ጥሩ፣ አደራ ብዬ ወጣሁ።

የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል ይባላል። ባሕር ዳርን ስንት ጊዜ ረግጫታለሁ፤ ለማኅተም፣ ለሐኪም፣ ለጉዳይ፤ ሁልጊዜም የመልስ መኪና እንዳያመልጠኝ እየሮጥኩ። እንግዳ ሆኜ አይቻት አላውቅም ነበር። በማግስቱ በጀልባ ዘጌ ተሻገርን። ጫካው ውስጥ ለውስጥ እየሄድን ከቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ ሥዕሉን አየን። በሁለተኛው ቀን ጢስ ዓባይ ሄደን ፏፏቴው ፊታችንን አራሰው። በሦስተኛው ቀን ሐይቁ ዳር ተቀምጠን ዓሣ በላን፤ ጫማዬን አውልቄ እግሬን ነከርኩ። ደስ ብሎኝ ነበር። ይህን መደበቅ አልችልም፤ በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ከበደሌ ሁሉ የሚከብደኝ አንዳንዴ ይኸው ደስታዬ ነው።

ማን አስገደደኝ? ማንም። እንዲያውም ሄለን "እናትሽስ?" ብላ ጠይቃኛለች። "ሰው አላት" ያልኳት እኔ ነኝ።

የቀጠርኳት ቀን ጧት፣ ጀልባው ሳይነሣ፣ ወደ እትዬ ጥሩ ስልክ ደወልኩ። ከባሕር ዳር ወደ ወረታና ወደ ፍል ውሃው ሲመጣ የጉማራ ወንዝ ድልድይ ይታለፋል። "እማዬ፣ ጉማራ ሞልቶ አስፋልቱን ውጦታል፤ መኪና አያልፍም" አልኳት።

 

"ጉማራ?" አለች። ከዚያ ደግሞ፣ "እሽ ልጀ። እንግዲህ የእግዜር ውሃ ነው። ተጠንቀቂ።"

ፍል ውሃው የሚፈልቀው የት እንደሆነ ታውቃላችሁ? ጉማራ ዳር ነው፤ ከድልድዩ በላይ። እናቴ ያን ስልክ ያነሣችው ወንዙ ፊቷ እየወረደ ነው። ያን ዓመት ክረምቱ ቀድሞ ወጥቶ ሩዙ ውሃ አጥሮት ቢጫ መሆን ጀምሯል፤ ፎገራ ሁሉ ዝናብ እየለመነ ነበር። ላይ ያልሞላ ጉማራ ታች እንደማይሞላ ደግሞ የሜዳው ሕፃን ያውቀዋል። እኔ የዚያው ሜዳ ልጅ፣ ቢሮ ቁጭ ብዬ የወንዙን መንገድ ረስቼ፣ ወንዝ ዳር ለተቀመጠች ሴት ስለ ወንዙ ዋሸሁ። በማግስቱም ደወልኩ፤ "ገና አልጎደለም" አልኩ። በሦስተኛውም ቀን። እሷም በየቀኑ "እሽ ልጀ" አለች።

በሰባተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ደረስኩ። ከብቶች ጉማራን ሆዳቸው ሳይነካ ይሻገሩ ነበር። እናቴ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ታያቸዋለች። እትዬ ጥሩ መንገድ ላይ ያዙኝ፤ "አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ውሃ አልነካትም። እኔ ልያዝሽ ብላት 'ልጄ ትመጣለች፣ ጉማራ ሞልቶባት ነው' ትለኛለች። ጉማራውንስ እኔም አየዋለሁ፤ ምን ልበላት?"

 አንገቴን ደፍቼ አለፍኩ። ጠዋት ጠዋት ነጠላዋን ተከናንባ፣ ሳሙናዋን በእጇ ይዛ መንገድ መንገዱን ስታይ ትውል እንደነበር የነገሩኝም እሳቸው ናቸው።

እናቴ ቀና ብላ አየችኝ። "ደህና ገባሽ? ውሃው አላስቸገረሽም?" አለች፤ ጀርባዋ ላይ ያ ድንጋዩ የሚቆጠር ወንዝ እየሄደ። ያኔ እግሯ ላይ መውደቅ እችል ነበር። "ጎደለ" አልኳት። በስልክ ሦስት ጊዜ ዋሸሁ፤ ይህን ግን ዓይኗን እያየሁ ነው።

ለምን እንደገና ከአንድ አልጀመርሽም ትሉኝ ይሆናል። ፈቃዴ አልቆ ነበር። ማስጨመር ይቻል ነበር፤ አልጠየቅሁም። በቃ፣ አልጠየቅሁም።

ለኅዳር ሚካኤል እናቴ ከበሮውን የሰማችው ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ነው። ወንድሜ "መቼ ነው ደግሞ ዘንድሮ ጉማራ የሞላው?" ብሎ ሲጠይቃት "ሞልቶ ነበር፤ አንተ የት አይተህ" አለችው። ስትዋሽ ሰምቻት የማላውቅ ሴት፣ ለእኔ ብላ ለገዛ ልጇ ዋሸች። እኔ አጠገቧ ቆሜ ነበር።  ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ፤ የእኔው እያደር ከበደኝ፣ ምክንያቱም የተሸከመችው እሷ ናት።

ሐኪም ጉልበቷን አይቶ "ዕድሜ ነው" ብሏል። ይህችን ቃል ስንት ጊዜ ተጠግቻት አድሬያለሁ! ውሃው ያድናት ነበር? አላውቅም። የማውቀው፣ ከሰባቱ ቀን አራቱን እኔ እንደወሰድኩባት ነው። ልጅ አልነበርኩም፤ ሠላሳ ዓመቴ ነበር።

ዘንድሮ አንድ ቀን እግሯን ለብ ባለ ውሃ ሳጥባት አላስችል አለኝ። "እማዬ፣ ያኔ ጉማራ..." ብዬ ጀመርኩ። እርጥብ እጄን ያዘችው። "ሞልቶ ነበር ልጀ" አለች፤ "አንቺ ምን ታደርጊ።" ሌላ ቃል እንዳልጨምር እጄን ጠበቅ አደረገችው። ምሕረት ነው? ቅጣት ነው? "ዋሸሽኝ" ብትለኝ እኮ "ይቅር በይኝ" እላት ነበር። እሷ ግን በደል የለም ካለች እኔ በምን አፌ ይቅርታ እለምናለሁ?

ያንን ቃል ከእኔ መስማት አትፈልግም። እናንተ ስሙልኝ። ጉማራ አልሞላም ነበር። መንገዱ ክፍት ነበር፣ መኪናው ሲመላለስ ይውል ነበር። ያልመጣሁት እኔ ነኝ።