የበረሃ አበል

ከሆሳዕና የወጣሁ ዕለት ማታ እናቴ እጇን ራሴ ላይ ጭና ስትጸልይልኝ፣ እኔ ዐይኔን ጨፍኜ ሒሳብ እሠራ ነበር። ይህን እስከ ዛሬ አልነገርኳትም። ዘጠኝ ዓመት ሒሳብ አስተምሬ ደመወዜ ከወር ወር አላደርስ ብሎኝ ነበር፤ ደላላው ደግሞ "ደቡብ አፍሪካ ሱቅ የሚጠብቅ ሰው አንተ በዓመት የምታገኘውን በሦስት ወር ያገኛል" ብሎኝ ነበር። ስለ መንገዱ ብዙ አልጽፍም። ያለፈበት ያውቀዋል፣ ያላለፈበትም ይቅርበት። ታናሽ እህቴ ትዕግሥት በዚያው ዓመት ዲቪ ደርሷት በአውሮፕላን አሜሪካ ገባች፤ እኔ በጭነት መኪና ሸራ ሥር ተኝቼ ጆሃንስበርግ ገባሁ።

በከተማው ዳር ባለው ቴምቢሳ በሚባል ሰፈር፣ ስፓዛ በሚሏት ትንሽ ሱቅ ተቀጠርኩ፤ ሥራዬ ከብረት ፍርግርግ ጀርባ ቆሞ መሸጥ ነው። ሰኔ ሲመጣ "ክረምት ገባ" አሉኝ፤ እኔም የሆሳዕናን ዝናብ ስጠብቅ የመጣው አጥንት የሚሰብር ደረቅ ብርድ ሆነ። ፓፕ የሚሉት ነጭ የበቆሎ ገንፎ አላቸው፤ ቅቤም ሚጥሚጣም የማያውቅ ገንፎ! ቆጮ የለመደ ሰው ሲበላው መጾም ይሻለኛል ይላል። ስሜን የሚጠይቀኝም አልነበረም። ትንሹም ትልቁም "ማይ ፍሬንድ" ነው የሚለኝ፤ የተቆጣም ሰው ሲሰድበኝ "ማይ ፍሬንድ" ብሎ ይጀምራል።

ከዚያ ኮሮና መጣ። አገሩ በሎክዳውን ተዘጋ፤ ምግብ የምንሸጥ ግን ፈቃዳችንን ለጥፈን እንከፍት ነበር። በዚያ ሰሞን የሱቁ ባለቤት ጋሽ ኤርሲዶ፣ የአገሬ ሰው ነው፣ ማስኩን አገጩ ላይ አውርዶ መጣ።

"ዛንድስፕሩት ያለው ሱቄ ሰው ይፈልጋል" አለኝ። "እዚህ በወር አራት ሺህ ራንድ ነው የምከፍልህ፤ እዚያ ስድስት ተኩል።"

"ሥራው ይለያል?"

"ምን ይለያል? ያው ዳቦ፣ ስኳር፣ የስልክ ካርድ።"

"ታዲያ ጭማሪው ለምንድን ነው?"

"ሰፈሩ ትንሽ ሞቅ ያለ ነው።"

"በፊት የነበረው ልጅስ የት ሄደ?"

"ሆስፒታል ነው። ሌቦች ገብተው በጥይት መቱት። ግን እግሩን ብቻ ነው፤ እጁ ደህና ነው፣ መሸጥ ይችላል።"

"አራቱ ይበቃኛል፣ ጋሽ ኤርሲዶ" አልኩት።

ያን ቀን ነገሩ የገባኝ መሰለኝ። በእኛ አገር የመምህር ደመወዝ በእርከን ነው፤ ሆሳዕናም አስተምር ሌላ ከተማ ያው ነው። አንዱ ከሌላው በለጠ ከተባለ ሙቀትና ወባ ያለበት ወረዳ ተመድቦ የበረሃ አበል ተጨምሮለት ነው። ስለዚህ እኔ የማውቀው ሕግ አንድ ነበር። ለአንድ ሥራ ብዙ የሚከፍሉህ ቦታ፣ ትርፉ ለሥራው ሳይሆን ለበረሃው ነው። ጋሽ ኤርሲዶም ያደረገው ይህንኑ ነው፤ የእሱ በረሃ ግን ሽጉጥ ነበረው።

ሳምንት ሳይሞላ ትዕግሥት ደወለች። ቴክሳስ ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ሽማግሌዎችን ታጥባለች፣ ታጎርሳለች።

"ጋሼ፣ እንድትመክረኝ ነው የደወልኩት" አለችኝ። "እዚህ በሰዓት አሥራ ሦስት ዶላር ነው የማገኘው። ጓደኛዬ ሄለን ሚኒሶታ ነው ያለችው፤ ለዚሁ ሥራ ሃያ ይከፍላሉ፣ ነይ እያለችኝ ነው።"

"ለዚሁ ሥራ?"

"ለዚሁ።"

"ዶላሩ ሌላ ነው?"

"ኧረ አንድ ነው!" ብላ ሳቀች። "እዚያ ኪራይ ይወደዳል፣ ብርዱም ከባድ ነው። ሠራተኞቹም ማኅበር አላቸው መሰለኝ። እንጃ፣ እኔም በደንብ አልገባኝም። እያንዳንዱ ስቴት የራሱ ሕግ አለው ይላሉ።"

ግራ ገባኝ። አንድ አገር፣ አንድ መሪ፣ አንድ ሽማግሌ ማጠብ፤ ዋጋው ሁለት! እንደዚያ ከሆነ የቴክሳስ ሰው ሁሉ ለምን ተነሥቶ ሚኒሶታ አይገባም? ወረቀት አውጥቼ ኪራዩን ቀነስኩ፣ የብርድ ልብሱን ቀነስኩ፣ ቢሆንም ሚኒሶታ በለጠ። መብለጡ ነው ያስፈራኝ።

"አንቺ የምትገቢበት ቦታ ላይ የነበረችው ሴት የት ሄደች?" አልኳት።

"ምን አውቃለሁ ጋሼ? ወጥታ ይሆናላ።"

"እንግዲያው አትሂጂ። ሰው ካልሸሸበት ይህን ያህል አይጨምሩም። አርፈሽ ያለሽበት ቆዪ።"

ብትከራከረኝ ምናለበት! ከልጅነቷ ጀምሮ የቤት ሥራዋን የማርምላት እኔ ነኝ፤ የእኔ መልስ ስህተት ይሆናል ብላ አታስብም። "እሺ" አለች፤ ቀረች።

ከአራት ወር በኋላ ሄለን ደወለችልኝ። በሽታው ትዕግሥት የምትሠራበት መጦሪያ ገብቶ፣ እህቴ ሆስፒታል ተኝታ በማሽን እየተነፈሰች ነበር።

"እናንተ ጋስ አልገባም?" አልኳት።

"ገብቷል እንጂ! እኔም ይዞኝ ነበር፤ ሳምንት ተኝቼ ተነሣሁ።"

"ማስክ ይሰጧችኋል?"

"በየቀኑ አዲስ። ትዕግሥት ግን አንዷን እያጠበች ሳምንት ሙሉ ታደርግ እንደነበር ነግራኛለች።"

ይኸው ሁለት ሳምንት ከፍርግርጉ ጀርባ ይህንኑ አሰላለሁ። ብትሄድ ኖሮ በየቀኑ አዲስ ማስክ ታገኝ ነበር። ግን ሄለንንም ይዟታል። ሄለን ተነሥታለች፤ እህቴስ ትነሣ ነበር? ዛንድስፕሩትን እምቢ ብዬ እግሬን ያተረፈልኝ ሕግ ለእህቴ ምን እንዳደረገ አላውቅም። "ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው" ይባላል፤ የእኔዋ ግን እሺ ብላ ነው መከራ ያገኛት። ለደንበኛ መልስ ስሰጥ እንኳ እየተሳሳትኩ ነው። ፈርቻለሁ፣ ሌላ የምለው የለኝም።

እናቴ አታውቅም። ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ደወለች።

"የትዕግሥት ስልክ አይነሣም፤ ደህና ናት?"

"ሥራ በዝቶባት ነው፣ እማዬ።"

"ይሁን፣ ሥራ ይብዛላት። ያ ብርድ አገር ልሄድ ነው ብላ ስታስጨንቀኝ ያስቀረሃት አንተ ነህ አሉ፤ እሷው ናት የነገረችኝ። ታላቅ ማለት እንዲህ ነው። እኔ ምን አውቄ እመክራታለሁ? እግዚአብሔር ይባርክህ፣ ልጄ።"

በፍርግርጉ በኩል ለአንድ ልጅ ዳቦ አቀበልኩ።

"ትሰማኛለህ? ይባርክህ እያልኩህ ነው።"

"አሜን፣ እማዬ" አልኳት።