የሐጂ ይመር ባለ ክንፍ ሸቭሮሌ

በአሮጌ የአሜሪካ መኪና እኔን የሚያታልለኝ ሰው የለም። ኩዌት ውስጥ እነሱን ከሚሰበስብ ባለጸጋ ዘንድ ስምንት ዓመት ስጠግናቸው ኖሬያለሁ። ወደ አገሬ ሐይቅ ከተማ እንደተመለስኩ «ሐጂ ይመር ግቢ አንድ ሸቭሮሌ አለች» ሲሉኝ ሮጬ ሄድኩ።

መኪናዋ ጭድ ተከምሮባት ኋላዋ ብቻ ይታያል። ከመብራቶቿ በላይ የተቀሰሩትን ሁለት ክንፎች እንዳየሁ ለኩዌቱ አሠሪዬ በቪዲዮ ደወልኩ። «የሃምሳ ሰባት ሞዴል ናት! ካልሆነች አንገቴን ለካራ!» አልኩት በዓረብኛ። እውነት ከሆነ ቪዛ እንደሚልክልኝ ማለልኝ።

ስልኩን ሳልዘጋ ለሐጂ ማስረዳት ያዝኩ። «አንቱ ሐጂ፣ አሜሪካኖቹ ብልጦች ነበሩ። በየዓመቱ መልኳን ይቀይሩታል፤ የአምናዋን የገዛ ሰው ጎረቤቱን ሲያይ አፍሮ አዲስ እንዲገዛ።»

«ወላሂ እውነትህን ነው» አሉ ሐጂ። «የኔዋ የሃምሳ አምስት ናት፣ ክንፍ አልነበራትም። ለሠርጌ ሚዜዬ ባለ ክንፍ ይዞ ሊመጣ ነው ሲሉኝ አፈርኩና ደሴ ቆርቆሮ ሠሪ ዘንድ ወስጄ አሠራሁላት።»

ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። «ይሄማ የፋብሪካ ሥራ ነው ሐጂ! እኔ አውቀዋለሁ።» አሠሪዬም አይቶ እንዲፈርድ የኋላውን ክዳን ከፍቼ ስልኩን ወደ ክንፉ ውስጠኛ ገጽ አስጠጋሁት።

አሠሪዬ «እዚህ ላይ የተጻፈው ምንድን ነው?» አለኝ።

ጎንበስ ብዬ አነበብኩት። በቀይ ቀለም፣ በደማቅ አማርኛ፦ «ላምባ። ከእሳት ይራቅ።»