ጋሼ ከመድረኩ የሚያዩት ጫማ ብቻ ነበር

አጎቴን ጋሼ ነበር የምላቸው። በደርግ ጊዜ አዳማ ውስጥ በአንድ የኪነት ቡድን ትሮምቦን ይነፉ ነበር። ሙዚቃዊ ቲያትር ሲኖር ሙዚቀኞቹ የሚቀመጡት ከመድረኩ ፊት፣ ዝቅ ብሎ በተሠራው ቦታ ነው። ከዚያ ሆነው የሚታያቸው የተዋናዮቹ ጫማ ብቻ ነበር።

ስለዚህ እኔን ሁሌ ፊተኛው ወንበር ላይ ያስቀምጡኛል። ሲያልቅ የትሮምቦኑን ሣጥን አንጠልጥለው ወደ ቤት ስንሄድ፣ «እስቲ ንገሪኝ፣ ላይ ምን ሆነ?» ይሉኛል።

«ሙሽራዋ አለቀሰች፣ ጋሼ።»

«ነጭ ጫማዋ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ። ለዚያ ነው ቀስ ብዬ የነፋሁላት።»

ትናንት ቀበርንዎ፣ ጋሼ። ከባንዱ የቀሩት ሁለቱ ጓደኞችዎ መጥተው ነበር። ሙሽራ ሆና ትጫወት የነበረችውም አርጅታ፣ ጥቁር ጫማ አድርጋ መጥታ አለቀሰች። ሁሉንም አየሁልዎ። ወደ ቤት ስንመለስ ግን ምን ሆነ ብሎ የሚጠይቀኝ አጣሁ።