የናዝሬት ጥርስና የቡልቡላ ውሃ

ሰኞ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት፤ ናዝሬት

አባቴ የቆርቆሮ ሳጥኑን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ከብየዳ ጋራዡ ይዞልኝ ወጣ። እንደ አራስ ልጅ ሁለት እጁን ከሥሩ አድርጎ ነው የያዘው። "ሽቦው እንዳይላቀቅ ከጭንህ ላይ አታውርደው" አለኝ። ከዚያ እንደ ልማዱ ዓይኑን ጨፍኖ ጸለየልን፤ ለእኔም ለሳጥኑም። ጸሎት ቤታችን ከታሸገ ወዲህ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚጸልየው። አሜን ብዬ መንገድ ጀመርኩ።

ይህን የጻፍኩት በደርግ ዘመን፣ በአንዲት ሰማያዊ ሽፋን ባላት ደብተር ላይ ነው። ዛሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ያስተማርኳቸው ልጆች በየዩኒቨርሲቲው ሮቦት ያስተምራሉ፤ ሰው ሳይነካው መንገዱን የሚፈልግ ማሽን ይሠራሉ። "ጋሼ፣ እርስዎ በምን ጀመሩ?" ሲሉኝ ደብተሯን አወጣለሁ። የጀመርኩት በዚህ ሳጥን ነው።

ያኔ አዲስ አበባ፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ረዳት ነበርኩ። የትምህርት ክፍላችን ለአውቶማቲክ ቁጥጥር ትምህርት አንድ ክፍት የመምህርነት ቦታ ነበረው። ሊቀመንበሩ አፍንጫው ላይ ከተንጠለጠለው መነጽር በላይ አየኝና ቁርጡን ነገረኝ። "ቤተ ሙከራ ውስጥ የሚሠራ ነገር መጫወቻ ነው። ገጠር ውሰደው። አርባ ስምንት ሰዓት ያለ ሰው እጅ ይሥራ። የተጠቃሚውን ደብዳቤ ይዘህ ከሚመጣው ሰኞ ቀጥሎ ባለው ሰኞ ኮሚቴው ፊት ቅረብ።" ካልሆነ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት እመደባለሁ፤ ፋይል ሳገላብጥ ልኖር ነው። ማስተማር ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ የምፈልገው አንድ ነገር ነው።

ሰኞ፣ 2 ሰዓት ከሩብ፤ ከሞጆ ወደ ኮካ

የጫነኝ የአባቴ ደንበኛ ጋሽ ከማል ነው። አሮጌ ኤንትሬ የጭነት መኪና ይነዳል፤ ሲሚንቶ ጭኖ ወደ ሻሸመኔ ይወርዳል። የመኪናው ጭስ ማውጫ ሦስት ጊዜ በአባቴ እጅ ተበይዷል፤ አሁንም ይጮኻል። እየጮኽን ነው የምንጫወተው።

"ምንድነው እሱ? እንቁላል ነው እንዴ እንዲህ ያቀፍከው?"

"ውሃ ጠባቂ ነው" አልኩት። "የውሃ ታንከር ሲሞላ ፓምፑን ያጠፋል፤ ሲጎድል ያስነሳል። ሰው አያስፈልገውም።"

"ሰው አያስፈልገውም!" ብሎ መሪውን በመዳፉ መታ። "ለእኔም እንደሱ ያለ ሾፌር ሥራልኝና ልተኛ።"

ሳቀ። የጋሽ ከማል ጥርስ እንደ እኔው ቡናማ ነው፤ የናዝሬት ውሃ ያሳደገው ሰው ሁሉ ምልክቱ ይኸው ነው። እሱ ግን እስከ ድዱ ድረስ ይስቃል። እኔ ስስቅ እጄ ቀድሞ አፌ ላይ ይደርሳል። አዲስ አበባ የገባሁ ሰሞን የመኝታ ክፍል ጓደኞቼ "አንተ፣ ትምባሆ ታኝካለህ እንዴ?" ብለው ከጠየቁኝ ቀን ጀምሮ እንዲሁ ነኝ። አስተማሪ ልሁን የሚል ሰው አፉን ሸፍኖ እንዴት እንደሚያስተምር አላሰብኩበትም ነበር።

የኮካ ሐይቅ በግራ በኩል ብልጭ አለ። ዳር ላይ ዓሣ በሽቦ ሰክተው የሚሸጡ ሴቶች እጃቸውን ያውለበልባሉ። ግራሩ፣ አቧራው፣ የቲማቲም ሣጥን የጫኑት ጋሪዎች፣ የአህያው ሰልፍ፤ ይህን መንገድ በጣም እወደዋለሁ።

ሰኞ፣ 4 ሰዓት፤ መቂ ኬላ

ገመዱ ተወጥሯል። መሣሪያ ያነገተ የአብዮት ጥበቃ ጓድ ብርድ ልብሱን ገለጠና ሽቦ ሲያይ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

"ውረድ! እጅህን አሳይ! ምንድነው ይሄ?"

የይለፍ ወረቀቴን ሰጠሁት። ወረቀቱ "ለትምህርታዊ ሙከራ" ይላል፤ ሙከራ የሚለው ቃል ይበልጥ አስደነገጠው። ጋሽ ከማል ከጋቢናው ሆኖ "አዬ ጉዴ" ሲል ይሰማኛል።

"ጓድ፣ አንድ ጣሳ ውሃ ይስጡኝና አሳይዎታለሁ" አልኩ። አመጡ። ሦስት ባትሪ ድንጋይ አገናኘሁና የሳጥኑ አምፖል በራች፤ ስትበራ ፓምፑ ይሠራል ማለት ነው። ከሳጥኑ የሚወጡት ሁለት የብረት ዘንጎች አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር ነው። ሁለቱንም ጣሳው ውስጥ ነከርኳቸው። ውሃው አጭሩን ሲነካ ቀጭ! አለና አምፖሏ ጠፋች። አወጣኋቸው። ቀጭ! በራች።

"ማን አጠፋው?"

"ውሃው ራሱ። ኤሌክትሪክ ከአንዱ ዘንግ ወደ ሌላው በውሃው ውስጥ ይሻገራል፤ ሳጥኑ ያኔ ታንከሩ ሞልቷል ይላል።"

"እስቲ ድገመው።" ደገምኩት። ቀጥሎ እሱ ራሱ ያዘው። ከዚያ ጓደኞቹን ጠራ። ከኋላችን አምስት መኪና ተሰልፎ ጡሩምባ ይነፋል፤ የኬላው ሰዎች ግን ከጣሳው ላይ ዓይናቸውን አልነቀሉም። በመጨረሻ ገመዱን እየለቀቀ "የኢትዮጵያ ሥራ ነው?" አለኝ። "የናዝሬት ሥራ ነው" አልኩት። ያን ጊዜ የተሰማኝን ኩራት አልደብቅም፤ እስከ ዝዋይ ድረስ ደረቴ እንደተነፋ ነበር።

ሰኞ፣ 8 ሰዓት፤ ቡልቡላ

ከአስፋልቱ ወረድ ብሎ ያለው የፓፓያና የሽንኩርት እርሻ የመንግሥት ነው። ሥራ አስኪያጁ ከጉድጓዱ አጠገብ ካሉት ሰው ጋር አስተዋወቀኝ። ኦቦ ቱፋ ይባላሉ፤ ረጅም፣ ጉንጫቸው ገባ ያለ፣ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ የጣሉ። ቀንና ሌሊት ፓምፑ ዘንድ ናቸው። ታንከሩ ሲሞላ ያጠፋሉ፣ ሲጎድል ያስነሳሉ። እንቅልፍ ሲጥላቸው ታንከሩ ሞልቶ ይፈስና የሽንኩርቱን ችግኝ ጠራርጎ ይወስደዋል።

"አካም ጅርቱ፣ ኦቦ ቱፋ?" አልኳቸው በኦሮምኛ።

"ፈያ።" ሳጥኑን አዩት። "ይሄ የእኔን ሥራ ነው የሚሠራው?"

"አዎን።"

"እኔስ?"

ይህን ጥያቄ በአዲስ አበባ ማንም አልጠየቀኝም። ሥራ አስኪያጁ ጣልቃ ገባና "ሁለት ጉድጓድ እየተቆፈረ ነው፤ ቱፋ የሦስቱም ኃላፊ ይሆናል" አለ። ኦቦ ቱፋ አላመኑም። ቢሆንም መሰላሉን ያዙልኝ።

ታንከሩ አፍ ላይ ለዓመታት የተጋደመ ሳንቃ አለ፤ ነጭ፣ ሻካራ። ኖራ የተቀባ መሰለኝ። ዘንጎቼን እሱ ላይ ቸነከርኩና ወረድኩ። ታንከሩ ሞላ፣ ፓምፑ በራሱ ጠፋ። አጨበጨቡልኝ።

ማክሰኞ፣ 1 ሰዓት፤ ቡልቡላ

"አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርክ" አሉኝ ኦቦ ቱፋ፣ ከተኛሁበት የዘር መጋዘን በር ላይ ቆመው። ፊታቸው ላይ ቁጣም ደስታም የለም። "ሳጥንህ ታንከሩ ሙሉ ነው ይላል። ታንከሩ ባዶ ነው። ማታ የተከልነው ችግኝ ጠውልጓል።"

ሮጥኩ። እውነትም አምፖሏ ጠፍታለች፤ ፓምፑ ዝም ብሏል፤ ታንከሩ ሲመቱት ይጮኻል። እስከ ስድስት ሰዓት ሽቦ ስፈታ፣ ሽቦ ስቋጥር ዋልኩ። ሳጥኑ ምንም አልሆነም። እዚያው መሬቱ ላይ ተቀመጥኩ። አለቀልኝ አልኩ፤ ፋይል ላገላብጥ ነው። ሥራ አስኪያጁም "ነገ ጠዋት ካልሠራ ንቀለው" ብሎኝ ሄደ።

ኦቦ ቱፋ መሰላሉን ወጡ፣ ሳንቃውን በሚስማር ፈገፈጉ፣ የወጣውን ነጭ ነገር በመዳፋቸው ይዘው ወረዱ።

"አፍህን ክፈት።"

"ምን?"

"ክፈት ነው የምልህ!" አገጬን ያዙና በሬ እንደሚገዛ ሰው ጥርሴን መረመሩ። "የየት አገር ልጅ ነህ?"

"የናዝሬት።"

"ታዲያ! ይሄ ውሃ የአንተን ጥርስ ያልማረ፣ ሽቦህን ሊምርልህ ኖሯል?"

ያኔ ገባኝ። ኖራ ያልኩት የውሃው ጨው ነው። ጥርሴን ያቀለመው ፍሎራይድ ሌላ፣ ሳንቃው ላይ የጋገረው ሌላ፤ ሁለቱም ግን የስምጥ ሸለቆ ውሃ ይዟቸው የሚወጣ ነው። ጨው የጠገበ ሳንቃ ከረጠበ ኤሌክትሪክ ያሳልፋል። ታንከሩ ባዶ ሆኖም ኤሌክትሪኩ በሳንቃው ላይ ይሻገራል፤ ሳጥኔም ሞልቷል እያለ ይተኛል። እኔ የሞከርኩት በአዲስ አበባ የቧንቧ ውሃ ነበር። በዚህ ውሃ ያደግሁ ሰው፣ ምልክቱን አፌ ውስጥ ይዤ ለዓመታት ስደብቀው ስደብቀው፣ ራሴም ረሳሁት።

"ሳንቃውን በፕላስቲክ እቀይረዋለሁ" አልኩ።

"በሁለት ሳምንት ይጋግርበታል" አሉ። ወደ ጎጇቸው ገብተው አንድ ደረቅ ቅል ይዘው ተመለሱ፤ አፉ በሰም ተደፍኗል። "ይሄ ሁልጊዜ ከውሃው ጋር ነው። ሲሞላ ይወጣል፣ ሲጎድል ይወርዳል። እኔ ድሮ በዓይኔ የማየው እሱን ነበር።"

እኔ የገመድና የማዞሪያ ሥራውን ጨረስኩ። ቅሉ በገመድ ተንጠልጥሎ ሲወጣና ሲወርድ ደረቅ ቦታ ላይ ያለች ማብሪያ ማጥፊያ ይስባል፤ ማብሪያዋ ለሳጥኑ ትነግረዋለች፤ ሳጥኑ ፓምፑን ያዛል። ዘንጎቹን ነቅዬ ጣልኳቸው። አንድ ዓመት የለፋሁባቸው ዘንጎች ናቸው፤ አላዘንኩም ብል ውሸት ነው።

ረቡዕ፣ 2 ሰዓት፤ ቡልቡላ

ሥራ አስኪያጁ ሰዓቱን አይቶ አስጀመረን። ከአሁን ወዲያ እስከ ዓርብ 2 ሰዓት ማንም እጁን አያስገባም።

ችግሩ የኦቦ ቱፋ እጅ ነው። ለዓመታት የለመደ እጅ ነው፤ ውሃው አፍ አካባቢ ሲደርስ ከመቀመጫቸው ብድግ ይላሉ። "ይፈሳል!" "አይፈስም፣ ይቀመጡ።" "እየፈሰሰ ነው!" "ኦቦ ቱፋ፣ በፈጠረዎት!" ቀጭ! ፓምፑ ይጠፋል። በመጨረሻ ሁለት እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ጠቀለሉና ተቀመጡባቸው። ሐሙስ ዕለት ግን ወደ ቀትር ላይ ስፈልጋቸው ግራር ሥር ተጋድመው አገኘኋቸው። ፓምፑ ሲነሳ አልነቁም፣ ሲጠፋም አልነቁም። ሚስታቸው ምሳ ይዘው መጥተው ከአጠገቤ ቆሙ። "በቀን እንዲህ ሲተኛ አይቼው አላውቅም" አሉኝ በሹክሹክታ።

ዓርብ፣ 2 ሰዓት፤ ቡልቡላ

ሥራ አስኪያጁ ፈረመ፣ ማኅተም መታ። "ምስክሩ ግን ቱፋ ነው" ብሎ ወረቀቱን አቀበላቸው። ኦቦ ቱፋ ፊደል የለዩት በመሠረተ ትምህርት ነው። ብዕሩን ጨብጠው፣ ግንባራቸው ላብ አውጥቶ፣ ደብዳቤው ሥር በኦሮምኛ ጻፉ። ፊደሎቹ ትልልቅ ናቸው፣ መስመሩን አይጠብቁም። በአማርኛ ሲመለስ ይህን ይላል፦ "አርባ ስምንት ሰዓት እጄን አላስገባሁም። ውሃው አልፈሰሰም። እኔ ተኝቼ ነበር። ሳጥኑ የልጁ ነው፣ ቅሉ የእኔ ነው። ቱፋ።"

ሳጥኑን እዚያው ተውኩት። አስፋልቱ ዳር ስቆም የጋሽ ከማል ኤንትሬ ከሩቅ እየጮኸ መጣ፤ ከሻሸመኔ ድንች ጭኖ ሲመለስ ነው።

ሰኞ፣ 4 ሰዓት፤ አዲስ አበባ

አምስቱ የኮሚቴ አባላት የሣልኩላቸውን የመሣሪያውን ሥዕል ተቀባበሉት። አንደኛው "ቅል?" አለ፣ ሳቁን ለመዋጥ እየታገለ። ተንሳፋፊ ዕቃ ብዬ ልጽፈው እችል ነበር፤ ቅል ብዬ ጻፍኩት፣ የማን እንደሆነም ጭምር።

ሊቀመንበሩ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበ። "እዚህ የሠራው ዘንግ እዚያ ለምን እምቢ አለ?"

ጠመኔ አንስቼ ሰሌዳው ላይ ልጽፍ ነበር። ተውኩትና ወደ ጠረጴዛው ጠጋ ብዬ አፌን ከፈትኩ፤ ጥርሴን ከላይም ከታችም አሳየኋቸው። "በዚህ ምክንያት ነው" አልኩና ጨውንም፣ ሳንቃውንም፣ ሸለቆውንም አስረዳኋቸው። ማንም አልሳቀም። ሊቀመንበሩ መነጽሩን አወለቀ። "ለተማሪዎችም እንዲህ አስረዳ" አለኝ። "ከነገ ጀምሮ።"

ቅዳሜ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት፤ ናዝሬት

አውቶቡሱ መናኸሪያ ገባ። ሠፈር ስደርስ አባቴ የብየዳ መከላከያውን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ጋራዡ በር ላይ ቆሟል። ጋሽ ከማል ጭስ ማውጫውን ለአራተኛ ጊዜ ሊያስበይድ መጥቷል። አባቴ ቀድሞ ያየው እጆቼን ነው።

"ሳጥኑስ?"

"ሥራ ላይ ነው" አልኩት።

"አንተስ?"

"እኔም ሥራ ላይ ነኝ። መምህር ሆኛለሁ።"

አባቴ በዚያ ሁሉ ጎረቤት ፊት ድምፁን ሳይቀንስ "ተመስገን!" አለ። ጋሽ ከማል እስከ ድዱ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ ሁለቱም እጆቼ ባዶ ነበሩ፣ አንዱም ወደ አፌ አልሄደም።