የወርቅ ቤቱ ሳፋ

ልጄ ከጣሊያን ስትደውል መጀመሪያ የምጠይቃት በልታ እንደሆነ ነው፤ ቀጥሎ ወፍራም ካልሲ ማድረጓን። ባለፈው እሑድ ግን ሁለቱንም ሳልጠይቃት ስለምታጸዳው የወርቅ ሥራ ቤት ታጫውተኝ ጀመር። ከተማዋ ፖ ከሚባል ትልቅ ወንዝ አጠገብ ናት። ድሮ አንድ አንጥረኛ እዚያ ሥራ ጀመረ፤ ያስተማራቸው ልጆች የየራሳቸውን ቤት ከፈቱ፤ የእነሱም ተማሪዎች እንደዚያው እያሉ ከየደጁ የመዶሻ ድምፅ የሚሰማባት ከተማ ሆነች። ዛሬ ብዙዎቹ ተዘግተዋል አለችኝ። «እማዬ፣ እዚህ ሠራተኞቹ የታጠቡበት ውሃ አይደፋም፤ የወርቅ ብናኝ አለበት ብለው ያጠራቅሙታል» ስትለኝ ሐሳቤ ጥሏት ወደ ልጅነቴ ሄደ።

ከወሎ በሰፈራ ስንመጣ እናቴ ከአርጆ በታች ባለው ቆላ በወባ ሞተችብን። አባቴ እኔን ይዞ ነቀምቴ ገባና ቡርቃ ጃቶ ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራየ። ጠዋት ወፍጮ ቤት ጆንያ ሊሸከም ሲወጣ «ከደጅ እንዳትርቂ» ይለኛል። እኔም አልርቅም ነበር፤ የኦቦ ገመቹ ወርቅ ቤት ከአጥራችን ማዶ ነው።

ኦቦ ገመቹ ከነጆ ከተማ በኩል የሚመጣውን ወርቅ አቅልጦ ጉትቻና ቀለበት ይሠራል። ወናፉ ሲነፋ ከሰሉ ቦግ እልም ይላል፤ ሞረዱ ሲጥ ሲጥ ሲል ጥርሴን ይቆረጥመኛል። እዚያ ክፍል ማንም በጫማ አይገባም። ሲወጣ ደግሞ ልጅም ይሁን ሽማግሌ በሩ ላይ ባለው ሳፋ እግሩን ይታጠባል፤ ውሃው እስኪጠልል ይቀመጥና ዝቃጩ ደርቆ ከወለሉ ጥራጊ ጋር ይቀልጣል። አጣቢዋ ሚስቱ አዴ ጫልቱ ናት። «ኮቱ፣ ኢንተላ ኮ» ትለኛለች፤ ነይ ልጄ ማለቷ ነው። ተረከዜን በአንድ እጇ ይዛ፣ መዝሙር እያንጎራጎረች፣ በየጣቴ መሀል እየገባች ታጥበኛለች። እናቴ ከሞተች ወዲህ እንደዚያ የነካኝ ሰው አልነበረም።

ስለዚህ ሰበብ እየፈለግሁ እገባለሁ። ብዙ ብናኝ ከያዝሁ ብዙ የምታጥበኝ ስለሚመስለኝ ወለሉን በተረከዜ እየፈተግሁ እዞራለሁ። ኦቦ ገመቹ ከመነጽሩ በላይ ያየኝና «ጫልቱ፣ ይቺ የወሎ ልጅ የሙሽራ ጉትቻ በእግሯ ይዛብን ልትወጣ ነው!» ይላል።

«አንተ በጢምህ ይዘኸው ከምትተኛው አይበልጥም» ትለዋለች።

እስቃለሁ፤ ግን ይከነክነኛል። የምታጥበኝ ለወርቁ ነው ወይስ ለእኔ? ይህን የምጠይቀው ሰው አልነበረኝም። አባቴ ሲገባ ጫማውን ሳያወልቅ ነበር እንቅልፍ የሚወስደው።

በኋላ የኦቦ ገመቹ ዓይን ደከመ። ዕቃው ተሸጠ፤ ወለሉ ለመጨረሻ ጊዜ ተጠርጎ ጥራጊው ቀለጠ። ወደ ነጆ ወደ ዘመዶቻቸው ሊሄዱ ጓዛቸውን ሲጭኑ እኔ አጥሩ ሥር ቆሜ እግሬን አያለሁ፤ ጭቃ ብቻ ነው ያለበት።

«ኮቱ» አለችኝ።

መኪናው ጥሩምባ ይነፋል፤ ኦቦ ገመቹ «አንቺ ሴትዮ፣ ምን የቀረ ወርቅ አለና ነው?» እያለ ከላይ ይጮኻል። እሷ ሳትቸኩል እንደ ወትሮው አጠበችኝ። ከዚያ ውሃውን ሳሩ ላይ ደፋችውና ባዶውን ሳፋ ይዛ ተሳፈረች። ነገሩ የገባኝ መኪናው ከተነሣ በኋላ ነው። ተከትዬ ሮጥሁ፤ አልደረስሁም።

ዛሬ በዚያ ቤት ሞባይል ይጠገንበታል፤ ሰው ከነጫማው ይገባል። ከነጆ ለገበያ የሚመጡትን ሁሉ አዴ ጫልቱን ያውቁ እንደሆነ እጠይቃቸዋለሁ። «በዚህ ስም ብዙ ሴት አለ፤ መልኳ ምን ይመስላል?» ይሉኛል። ምን ልበላቸው? ሁልጊዜ አጎንብሳ ነበር የማያት፤ የማስታውሰው ጸጉሯ መሀል ለመሀል የተከፈለበትን መስመር ብቻ ነው።