አዲስ ይጫን ያልኩበት ቀን

ባለቤቴ በመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። መጀመሪያ ብዕር መያዝ አቃተው፤ ቀጥሎ የኮምፒውተሩን ፊደላት መልቀም። መርሳትም ጀምሮት ስለነበር ማስታወሻ ካልያዘ ቀኑ ይምታታበታል። ስለዚህ፣ ስልኩ ተራ ስለነበር፣ ኮምፒውተሩ ላይ ቴሌግራም ይከፍትና ለራሱ ድምፅ ይልካል። ላኪውም ተቀባዩም እሱ ብቻ የሆነበት፣ ሌላ ሰው የማያየው ቦታ አለ። ጠዋት ጠዋት ኮልፌ ያለው ቤታችን ሳሎን ውስጥ ተቀምጦ ሲያወራ እሰማው ነበር። ከሰው ጋር የሚነጋገር ይመስለኝ ነበር እንጂ ምን እንደሚል አልጠየቅሁትም።

ካረፈ በኋላ ድምፆቹን አገኘኋቸው። “ዛሬ ማክሰኞ ነው። ውኃ ይመጣል። ታንከሩን ሙላ” ይላል አንዱ። ሌላው ላይ ሳንሱሲ የምትኖረው እህቱ ልጅ ስም ጠፍቶበት ፈልጎ ፈልጎ ሲያገኘው ብቻውን ይስቃል። ስለ እኔም አለበት። ሐኪም ስኳር ከልክሎት ነበርና፣ “ስኳሩ ከመጽሐፎቹ ጀርባ ነው ያለው። እሷ እንዳትሰማ” ይላል ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ሁሉንም ባንዴ አልሰማሁም። እሁድ እሁድ ከቸርች ስመለስ አንድ ብቻ እሰማለሁ። ስንት እንደቀሩ ሆን ብዬ አላየሁም። ያልሰማሁት እስካለ ድረስ ገና የሚነግረኝ ነገር አለው። ያን ጊዜ እንዲህ ብዬ አላሰብኩትም፤ አሁን ስጽፈው ነው የገባኝ።

አንድ ቀን መብራት ሄዶ በኃይል ሲመለስ ኮምፒውተሩ ጠቅ አለና ጠፋ። ዳግመኛ አልበራም። የኮምፒውተሩን ሳጥን በአንሶላ ጠቅልዬ፣ አየር ጤና ወዳለ መጠገኛ ይዤው ሄድኩ። ታክሲ ውስጥ ጭኔ ላይ አቅፌው ስለነበር አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት፣ “እኔ ደግሞ ሕፃን መስሎኝ ይበርደዋል ብዬ መስኮት ዘግቼ በሙቀት አለቅሁ!” ብላ መልሳ ከፈተችው። አብሬያት ሳቅሁ። ሐዘኔን ከማያውቅ ሰው ጋር መሳቅ ይቀለኝ ነበር።

ጠጋኟ ሂጃብ የለበሰች፣ ሠላሳ ዓመት ቢሆናት የሚያስገርም ወጣት ናት። ፈትታ፣ በባትሪ አይታ፣ አሽትታ ጨረሰች።

“ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል እናቴ። ሁሉም ነገር የሚሰካበት ሰሌዳ ነው። ሃርድ ዲስኩ ግን ደህና ነው፤ ውስጡ ያለው አልተነካም።”

“ይሠራል ታዲያ?”

“ማዘርቦርዱን እንቀይርለታለን። አንድ ነገር ግን እርስዎ ይወስኑልኝ። ዊንዶውሱን እንደ አዲስ ልጫን ወይስ በድሮው ልሞክረው? የድሮው አዲሱን ማዘርቦርድ ከተቀበለ ሁሉም እንደነበረ ይነሳል። ካልተቀበለ መንገላታት ነው። አዲስ ከጫንን የድሮው ይጠፋል፤ ግን ንጹሕ ነው፤ ይፈጥናል።”

“ፎቶውና ጽሑፉስ?”

“እሱን አስቀድሜ ወደ ጎን አወጣዋለሁ። ሌላ የሚፈልጉት አለ? ያስቡበት፣ እኔ አልቸኩልም።”

በደንብ ነው የጠየቀችኝ። እኔ ግን በዚያ ሰዓት ሌላ ነገር ነበር የማስበው። ኮምፒውተሩ ሲበራ መጀመሪያ የሚመጣው የባለቤቴ ስምና ጉርድ ፎቶው ነው። ከሥሩ በእንግሊዝኛ እንኳን ደህና መጣህ ይለዋል። ድምፁን መስማት እችል ነበር፤ ይህን ማየት ግን በየሳምንቱ ከበደኝ። እሱ ወደ ውስጥ ገብቶ እኔ ደጅ የቀረሁ ይመስለኝ ነበር።

“አዲስ ይጫን” አልኳት።

“ፎቶና ጽሑፍ ብቻ ነው የማስቀረው?”

“አዎ ልጄ፣ ይበቃል።”

ድምፆቹም ከፎቶው ጋር የሚወጡ መስሎኝ ነበር። ቴሌግራሙ ሁልጊዜ ተከፍቶ ነው የማውቀው። ቁልፍ እንዳለው አላውቅም ነበር።

በሦስተኛው ቀን ወሰድኩት። በእርግጥ ይፈጥናል፤ ስሙም ፎቶውም የለም። ቀለል አለኝ ብል ውሸት አይደለም። እሁድ ከቸርች ተመልሼ ስቀመጥ ግን ቴሌግራሙን አጣሁት። አቃፊዎቹን ሁሉ ከፈትኩ። የልጆቼ ምርቃት አለ፣ የግቢው ካርታ አለ፤ የእሱ ድምፅ የለም።

ሰኞ በጠዋት ሳጥኑን ተሸክሜ ሄድኩ። ጠጋኟ ቴሌግራሙን እፊቴ ጫነችና የባለቤቴን ቁጥር አስገባች። ወደ ስልኩ የሚላከው ኮድ ካልገባ አልከፍትም አለ።

“ሲሙ የት ነው እናቴ?”

ያስፈልግ ይሆናል ብዬ ይዤው ነበር። ስልኳ ውስጥ ከተተችው፤ አይሠራም። ካረፈ ጀምሮ መሳቢያ ውስጥ ነበር፤ ካርድ ሞልቼለት አላውቅም።

“ብዙ ጊዜ ከተቀመጠ ቁጥሩ ለሌላ ሰው ይሰጣል” አለችኝ ቀስ ብላ። “እስቲ እንደውልለት።”

በራሴ ስልክ ደውላ ድምፁን ከፍ አደረገችው። አንድ ወንድ አነሳ። ከኋላው ብረት ይቀጠቀጣል።

“ሀሎ! እሱ አይደለሁም!” አለ ገና ሳልናገር።

“እሱ ማን?” አልኩት።

“ሰውዬው ነዋ! ይህን ቁጥር ካወጣሁ ጀምሮ ‘ጋሼ እንዴት ኖት’ የማይለኝ የለም። ባለፈው አንዷ ጸልያልኝ ነው የዘጋችው።”

“ባለቤቴ ነው ልጄ። አርፏል።”

“ውይ። እግዜር ያጽናዎት እናቴ፣ አላወቅኩም።” አለና ቀጠለ። “ብዙ ሰው ነበረው ማለት ነው።”

ነገሩን አስረዳሁት። ኮምፒውተሩን፣ ድምፆቹን፣ የሚመጣለትን መልእክት።

“ቆይ፣ ቆይ። ኮድ?”

“አምስት ቁጥር ነው፤ አንብብልኝ ብቻ።”

“እዚህ ጋ እንኳን ይቅርታ። ወንድሜን በዚሁ በኮድ ነው የበሉት። የደወለችለትም ሴትዮ ታለቅስ ነበር።”

ጠጋኟ ስልኩን ተቀበለችኝ። “ወንድሜ፣ እኔ ኮምፒውተሩን የጠገንኩት ነኝ። እውነታቸውን ነው።”

“አሁን ደግሞ ሁለት ሆናችሁ! ቀጥሎ ማን ይመጣል፣ ሥራ አስኪያጁ?” ጠጋኟ ኮዱ እንደገና እንዲላክ ነክታ ነበርና የእሱ ስልክ ድምፅ ሰጠ። “ይኸው መጣ። ራሱ መልእክቱ ለማንም አትስጥ ይላል እኮ!”

“ልጄ፣” አልኩት፣ “የምፈልገው ድምፁን ብቻ ነው።”

ቁጥሩ ዓይኑ ሥር ነው ያለው። ሊያነብልኝ ነው ብዬ ወረቀት ሳብኩ።

“እውነት ከሆነ ይቅር ይበሉኝ” አለና ዘጋው። ደግመን ስንደውል አልጠራም።

አልፈርድበትም። ልጆቼን ኮድ ለማንም እንዳትሰጡ እያልኩ የምጨቀጭቅ እኔው ነኝ።

ጠጋኟ የሳጥኑን ክዳን ገጥማ ብሎን ታጠብቃለች። ጠየቅኋት፤ “በድሮው ሞክረሽው ቢሆንስ?”

“ላይነሳም ይችል ነበር።”

“ብዙ ጊዜስ?”

“እናቴ፣ እሱን ባይጠይቁኝ።”

“ብዙ ጊዜስ ልጄ?”

ቀና ብላ አላየችኝም። “ብዙ ጊዜ ይነሳል።”

አመሰገንኳት። እዚያው ወንበሩ ላይ ተቀምጬ ቆየሁ። በኋላ አንድ ሰው ላፕቶፕ ይዞ ሲገባ ወንበሩን ለቀቅኩለት።