የተረፈ መንጋጋ

ተረፈ ከሆሳዕና አንጋጫ ሚኒባስ መንዳት ከጀመረ አሥራ ስድስት ዓመት ሞልቶት ነበር። ከዶዮገና አለፍ ብሎ ባለው ጠመዝማዛ መኪናው የተገለበጠ ዕለት መሪው መንጋጋውን መትቶ አንድ ጥርስ አወለቀበት። ከተሳፋሪዎቹ መካከል ሐዳሳ የምትባል ወጣት መምህርት ግን ሕይወቷ እዚያው አለፈ። ፖሊስ መርምሮ፣ ጥፋቱ የዝናቡና የጭቃው ነው ብሎ ለቀቀው።

በዓመቱ ዶክተር ሱምያ የብረት ሥር አጥንቱ ውስጥ ተክላ፣ በላዩ ጥርስ አሰረችለት። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ተነቃነቀ።

ዶክተሯ ራጁን አሳየችው። በብረቱ ዙሪያ ያለው አጥንት ጎርፍ እንደበላው ዳገት ተቦርብሯል።

«ጋሼ ተረፈ፣ ድድዎ ንጹሕ ነው። ጥርስዎን ይነክሳሉ?»

«ኧረ በፍጹም!»

«የተፈጥሮ ጥርስ ከሥሩ ስስ ትራስ አለው፤ ሲበዛበት ያምምና ተው ይላል። ይሄ ግን ብረት ነው። ጫናውን ዝም ብሎ ለአጥንቱ ያሳልፋል፤ አጥንቱ ሲያልቅም አይነግርዎትም።»

ሚስቱ ገነቴ አብራው ነበረች። «ሲተኛስ ድምፅም የለው» አለች። «መኪና ላይ ግን ጉንጩ ድንጋይ ያጎረሱት ይመስላል። ተሳፋሪ ‹ወራጅ አለ› ባለ ቁጥር።»

ተረፈ አቀረቀረ።

ቤት ሲገቡ ነገራት። በአደጋው ዕለት ሐዳሳ የምታስተምርበት ትምህርት ቤት በር ላይ ስትደርስ «ወራጅ አለ» ብላ ነበር። ሰምቷታል። ዳገቱ ጭቃ ስለነበር፣ ከቆምኩ አልነሣም ብሎ ዝም አለ። ደግማ ጠራች። እሱም ትንሽ ወደፊት አወርዳታለሁ እያለ በልቡ፣ ነዳ፤ ጠመዝማዛው ላይ ተገለበጡ። ከዚያ ወዲያ ማንም ቢጣራ የሚሰማው የሷን ድምፅ ነው፤ አንዳንዴም መኪናው ባዶ ሆኖ ከኋላው ትጠራዋለች።

ገነቴ ጠየቀችው። «አንጋጫ ላሉት ለሐዳሳ እናት ይህን ነግረሃቸዋል?»

«ምን ብዬ?»

የተተከለው ጥርስ ተነቀለ። ተረፈም መሪውን ትቶ መናኸሪያ ተራ አስከባሪ ሆነ። በስድስተኛው ወር አጥንቱ ትንሽ ሞልቶ ተገኘ፤ ዶክተሯም «አሁን ሌላ መትከል እንችላለን» አለችው።

«ቆይ ዶክተር፣ መጀመሪያ አንጋጫ ደርሼ ልምጣ» አላት።

ይህን ካለ አራት ወር አለፈ። ቅዳሜ ቅዳሜ ገነቴ ኮቱን ታቀብለዋለች፤ እሱም ይለብስና እስከ በሩ ሄዶ፣ ተመልሶ ይሰቅለዋል።